በእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ የሚዝረከረክ ማኅተም

ጥያቄ፦ ሮተርዳም ነው የምኖረው። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል፣ ቀለሙ ከውስጡ የሆነ ማኅተም አሠርቼ ነበር። ስመታበት ግን ይዝረከረካል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ወረቀትዎ የሚያብረቀርቅ ይመስለኛል። የእነዚህ ማኅተሞች ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነክ ስለሆነ ወረቀቱ ካልመጠጠው ቶሎ አይደርቅም። ደብዘዝ ያለ፣ ያልተለበጠ ወረቀት ይግዙ። አደይ አበባውን በውሃ ቀለም የሚስሉ ከሆነ ሥዕሉ ይቅደም፤ በደንብ ሲደርቅ ማኅተሙን ይምቱ። ተገላቢጦሹ ጽሑፉን ያፈስሰዋል። ካርዱንም ሳያጥፉ ይምቱት፤ የታጠፈ ወረቀት ከሥሩ ስለማይስተካከል ግማሹ ፊደል ይደበዝዛል።

ለአምስተርዳምና ለዴን ሃግ ዘመድ በፖስታ ከላኩ ክብደቱን ያስቡበት። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሆነ ኤ4 ወረቀት ብቻውን 19 ግራም ገደማ ነው፤ ፖስታው ሲጨመር የአንድ ቴምብር ወሰን የሆነውን 20 ግራም ያልፋል። ለሁለት ቢቆርጡት ይበቃል፣ ያውም ያምራል።