ስለ ተመልካች ጥቂት አሳብ

ስለ ትያትር በተነገረ ቍጥር የሚመሰገነው ወይም የሚነቀፈው ደራሲውና ተጫዋቹ ነው። ስለ ተመልካቹ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። ተመልካች የሌለው ትያትር ሰሚ እንዳጣ ጩኸት ስለ ሆነ፥ እኔ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ተመልካች ጥቂት ለመጻፍ አሰብሁ።

የአገራችን ልማድ አድማጭን ዝም ብለህ ተቀመጥ አይለውም። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የመሠረት» ካላሉ ተረቱ አይጀመርም። አዝማሪውም ማሲንቆውን ሲመታ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ያቀብለዋል፤ ወርቁን ፈጥኖ ያገኘም ከሁሉ ቀድሞ ይስቃል። በእኛ በአርሲም ጌራርሳ ሲዜም የከበቡት ሰዎች በድምፃቸው ዘፋኙን ያበረታቱታል። እንግዲህ ተመልካች የጨዋታው እኩሌታ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሰው ሁሉ የሚያየውን በአንድ ዓይን አያይም። ሲኒማ ለአዲስ አበባ እንግዳ በነበረበት ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው፤ ጥላ የሆነው ነገር እውን መስሎ ታየው። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከላፎንቴን ተረቶች ተነሥተው «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለውን ትያትር አሳዩ። የሚናገሩት አውሬዎች ቢሆኑም የተነቀፈው የሰዎች አስተዳደር መሆኑ ስለ ታወቀ፥ ንግሥት ዘውዲቱ ትያትር እንዳይታይ ከለከሉ። የፊተኞቹ ተመልካቾች በጥላው ደነገጡ፤ የኋለኞቹ ግን ከጥላው በስተጀርባ ያለውን እውነት አይተው ተቈጡ።

እኔ ራሴ ያየሁትን ደግሞ ልናገር። አምና በዚህ በሁሩታ በትምህርት ቤታችን ትያትር ቀርቦ ነበር። ልጇ የሞተባትን እናት ሆና የምትጫወተው ተማሪ በድንገት ስለ ታመመች፥ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጠው ባልንጀራዬ ነጠላ ለብሶ በእርስዋ ፋንታ ገባ። ለቅሶውን ሲጀምር እኔ ሳቅሁ፤ የእኔን ሳቅ ሰምተው ሌሎች ሳቁ፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ተሞላ። ባልንጀራዬም ቃሉ ጠፍቶት ቆመ። በዚህ ጊዜ ከፊት ተቀምጠው የነበሩ አንዲት እናት ዘወር ብለው፥ «ዝም በሉ እናንተ ልጆች! ልጅ የሞተባት እኮ ናት!» አሉን።

እኒያ እናት ጨዋታ መሆኑ አልጠፋቸውም። ትያትሩ ሲያልቅ ባልንጀራዬን ጠርተው፥ «ጎበዝ ልጄ» ብለው ስመውታል። ጨዋታነቱን እያወቁ ልባቸውን ሰጡት እንጂ።

እኔስ ለምን ሳቅሁ? ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ ሦስት ምክንያት አገኘሁ። አንደኛ፥ ያየሁት እናቲቱን ሳይሆን የማውቀውን ልጅ ነበር። ሁለተኛ፥ ለቅሶው እኔንም ይዞኝ ስለ ነበር፥ በጓደኞቼ ፊት እንዳላለቅስ በሳቅ ሸሸሁ። ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን እውነት ነው። ሦስተኛ፥ ሳቅ እንደ ማዛጋት ከሰው ወደ ሰው ይጋባል፤ የኋለኞቹ የሳቁት በትያትሩ ሳይሆን በእኔ ሳቅ ነው።

ዛሬ ብዙ ነገር የምናየው በእጅ ስልክ ነው። በዚያ የሚያሾፍ ሰው የተጫዋቹን ፊት አያይም፤ እኔ ግን አይቻለሁ። ባልንጀራዬን ይቅርታ ጠይቄው ይቅር ብሎኛል፤ ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ላላማረው ሁሉ አጨብጭቡ አልልም። ያላማረውን ከጨዋታው በኋላ ለተጫዋቹ መንገር ይቻላል። ነገር ግን መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እንየው። የዘንድሮው ትያትር ሲቀርብ እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ባልንጀራዬም እንዲጫወት ለምኜዋለሁ፤ «አስብበታለሁ» ብሎኛል።