ወንዛችን ውስጥ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ይገባል፤ ውሃ አጋር ብንጨምርበትስ?

ጥያቄውን በውስጥ መስመር የላከልኝ አምቦ የሚማር ወንድማችን ነው፤ ቤተሰቦቹ ጅማ ዞን ወንዝ ዳር ይኖራሉ። አጭሩ መልስ፦ አይበቃም።

ለምን?
ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፤ ሥራው ጀርም መግደል ነው። የእሸት ቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ግን ከገለባውና ከዝልግልጉ የወጣ ስኳርና ታኒን የሞላበት ነው። ክሎሪኑ ጀርሙ ጋ ሳይደርስ እዚያው ላይ ያልቃል። ብታፈሉትም ጀርሙ ይሞታል እንጂ አሲዱና ኬሚካሉ አይወጣም። ደግሞ ቡና የሚታጠበው ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ስለሆነ ብክለቱ ይብሳል። ጅማ አካባቢ በተሠራ ጥናት በማጠቢያዎቹ አቅራቢያ የሚኖሩ ሰዎች የቆዳና የዓይን መቆጣት፣ የሆድ ሕመም፣ ማቅለሽለሽና የመተንፈስ ችግር እንዳለባቸው ተናግረዋል።

ታዲያ አይታከምም?
ይታከማል፤ ግን ወንዝ ሳይገባ፣ እዚያው ማጠቢያው ግቢ። ወይራ ሲባል እኛ አምቦ ትዝ የሚለን የወተት ዕቃ ማጠኛ ነው አይደል? ስፔንና ጣሊያን ከሌላ ዓይነት ወይራ ፍሬ ዘይት ይጨምቃሉ። የሚተርፈው ጥቁር ውሃም እንደ ቡናው ፍሳሽ አሲዳማ ነው። እሱን ለማከም ከሚሠራባቸው መንገዶች፦

1. ኖራ፦ አሲዱን ይሰብራል፣ ቆሻሻውን ያዘቅጣል።
2. አሉም ወይም የብረት ጨው፦ ደቃቁን ቆሻሻ አጓጉሎ ወደ ታች ያወርዳል።
3. ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከብረት ጋር፦ ፌኖል የሚባለውን መርዛማ ነገር ይሰባብራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚጠጣ ውሃ አይሆንም! ዝቃጩም ወንዝ ውስጥ አይደፋም። እነዚህን ቤት ውስጥ በጭራሽ እንዳትሞክሩ፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላሉ።

ምን እናድርግ?
• ከምንጭ፣ ከጉድጓድ ወይም ፍሳሹ ከሚገባበት በላይ ቅዱ፤ ውሃ አጋር የሚጨመረው ያኔ ነው።
• ልጆች ከፍሳሹ በታች እንዳይዋኙ።
• ዓይን ከነካ በንጹህ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ታጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።
• አቤት በሉ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው ስለ ብክለት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል፤ ጉዳቱ የግድ እናንተን መንካት የለበትም።

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ቤት ደውልና ንገራቸው። ሌሎቻችሁም ቡና አብቃይ አካባቢ ዘመድ ካላችሁ ሼር አድርጉላቸው።