ሌሊት ስለምትጽፍልሽ ልጅ

ስልኩን ትንሽ አስቀምጪውና ስሚኝ። የዶርም ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ ሆድ የባሰውን ማጽናናታችሁን ወድጄዋለሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ለብቻሽ «ሰለቸኝ» ብላ የጻፈችልሽን ልጅ ግን በስቲከር አትሸኚያት።

ልጆቻችን «ተጨንቄያለሁ» ብለው አይጀምሩም። ራሴን አመመኝ፣ እህል አስጠላኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ነው የሚሉት። በአገራችን ተማሪዎች ላይ ጥናት ሲደረግ የሚሠራበት የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቅም 20 የአዎ ወይም የአይ ጥያቄዎች ሲኖሩት፣ የሚጀምረው ከራስ ምታት፣ ከምግብ ፍላጎትና ከእንቅልፍ ነው። ስለዚህ ሦስት ቀን ካፌ ያልገባችውን ልጅ «ጨጓራዋ ነው» ብለሽ አትለፊያት። ወንዶቹ ይብሳሉ፤ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባሉ ስላደጉ ዝም ብለው ከክላስ ይቀራሉ።

ሸክሙን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሪሚዲያል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2015 የመውጫ ፈተና ተጨመረ። አባቷ በሬ ሸጦ የላካት ልጅ አንድ ኤፍ ስታገኝ የሚታያት የአባቷ ፊት ነው።

የእኛ የመራዊ ልጆች ደግሞ ጥር 20 ቀን 2016ን ይዘው ነው ክላስ የሚቀመጡት። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ ቢያንስ 45 ሲቪሎች እዚያ የተገደሉበት ቀን ነው። ያን ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ከተዘጋ ወራት አልፎት ስለነበር፣ ርቀው የሚማሩት በቴሌግራም እንኳ ሊጠይቁን አልቻሉም ነበር። ስለዚያ ቀን የጻፈልሽን ሰው «እርሳው» አትበዪ። ግሩፕ ላይም አታስወሪው፤ ክርክር ይነሣና ሐዘንተኛው ይረሳል። ለብቻው አናግሪው፤ የነገረሽንም ስክሪንሾት አታድርጊ።

ለልጅቷ ስትመልሺላት «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለሽ ቶሎ አትዝጊባት። እምነትሽን ደብቂ ማለቴ አይደለም፤ መጀመሪያ ትጨርስልሽ። ከቻልሽ ደውዪላት፤ የድምፅዋ መድከም በጽሑፍ አይታይም። «መኖር ሰለቸኝ» ካለችሽ «ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አያስገባባትም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

«አዎ» ካለች መጻጻፉ በቃ። ካምፓስ ከሆናችሁ ተነሥተሽ ዶርሟ ሂጂ፤ ፕሮክተሯን ቀስቅሺ፤ ራሷን የምትጎዳበትን ነገር አርቂ፤ ለብቻዋ አትተዪያት። «ማርያምን፣ ለማንም እንዳትናገሪ» ብላ ብታስምልሽም ተናገሪ። ብትቀየምሽ ትቀየምሽ፤ በሕይወት ካለች መታረቅ ይቻላል። ሲነጋ የካምፓሱ ክሊኒክ ውሰጃት፣ ካልሆነም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል። ቤተሰቦቿ ጸበል እንውሰዳት ቢሉ አትጣዪያቸው፤ ትጠመቅ፣ መድኃኒቷን ግን አታቋርጥ። ትምህርቱ ካቃታትም ዝም ብላ ከምትጠፋ፣ ሬጅስትራር ጠይቃ በሕክምና ማስረጃ ዊዝድሮው ትሙላ።

አንቺም ሰው ነሽ። በእንግሊዝ አገር ናይትላይን የሚባል የተማሪዎች የስልክ አገልግሎት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው የተጀመረው። ሌሊት ስልክ የሚያነሡት ተማሪዎች ቀድመው ይሠለጥናሉ፣ በተራም ይሠራሉ። እናንተም ተራ ያዙ፤ በፋይናል ሰሞን ሁሉም አንቺ ላይ አይውደቅ። ከሳይኮሎጂ መምህራን አንዱን አሠልጥነን በሉት፤ የሚያስፈራችሁም ነገር ሲመጣ የምትደውሉት እሱ ጋ ይሁን።

አሁን ግን ዕረፍት ነው፤ እሷ ቡሬ፣ አንቺ መራዊ። በሯን ልታንኳኪ አትችዪም። የእናቷን ወይም የእህቷን ስልክ ቁጥር ዛሬውኑ ፈልገሽ ያዢ። ለእሷም አሁን ደውዪላት። ካርድ ከሌለሽ የእኔን ስልክ ውሰጂ።