ደመወዝ ተጨምሮ ሒሳቡ ሲጎድል

በመካከላችን ቀን በሥራ ውሎ ማታ ለትምህርት የሚመጣው ወንድምና እኅት ጥቂት አይደለም። ቀን የሚማረውም ቢሆን ነገ ተመርቆ በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መዝገብ ላይ መፈረሙ አይቀርም። በክፍል ውስጥ ስለ አገር ሀብትና ስለ ገበያ ሕግ ብዙ እንማራለን፤ የገዛ ደመወዛችን እንዴት እንደሚታሰብ ግን ከመምህር የሰማን ስንቶቻችን ነን? ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንዲት ጠባብ ነገር እንመረምራለን፤ ይኸውም ደመወዝ ተጨመረ ከተባለ በኋላ እጅ የገባው ገንዘብ ከተጠበቀው ባነሰ ጊዜ ሠራተኛው ምን ማድረግ ይገባዋል? የሚለው ነው።

ለመነሻ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ የማታ ተማሪ አለ እንበል። ደመወዙ በወር 9,000 ብር ነበር። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ 11,000 ብር እንዲሆን ደብዳቤ ተጻፈለት። ወሩ ሲያልቅ 2,000 ብር ተጨምሮ አገኛለሁ ብሎ ሲጠብቅ የተጨመረው 1,310 ብር ብቻ ሆነ። ተቆጥቶ ወደ ገንዘብ ያዥዋ ገባና በሰው ፊት «ገንዘቤን ማን በላው?» አለ። እርሳቸውም በዕድሜ የበሰሉ ሴት ነበሩና «ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በልና አብረን እንደምረው» አሉት። ቢደምሩት አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ልጁም አፍሮ ወጣ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደኅና ነበር። ነገር ግን ከጥቅምት ወር ጀምሮ ልጁ በየወሩ 20 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ሥራ ይሠራ ጀመር፤ ክፍያውም በአዲሱ ደመወዝ መታሰብ ሲገባው በአሮጌው ይታሰብ ነበር። ልጁ ይህን አየ፤ አሁን እውነቱ የእርሱ ነበር። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ኀፍረት አፉን ስለያዘው እስከ ሐምሌ ዝም አለ። እንግዲህ ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፤ መጀመሪያ ሳያሰላ በመናገሩ፣ ኋላም አስልቶ ባለመናገሩ። ከሁለቱ የበለጠ የጎዳው ሁለተኛው መሆኑን ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

1ኛ/ አስቀድሞ ማስላት

በዛሬው ጊዜ ደመወዝ የሚገባው በባንክ ስለሆነ በስልካችን የሚደርሰን መልእክት የሚነግረን የተጣራውን ገንዘብ ብቻ ነው። የተጣራው ደግሞ ከጠቅላላው ደመወዝ ላይ ግብርና የጡረታ መዋጮ ከተነሣለት በኋላ የሚቀረው ነው።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት በወር እስከ 2,000 ብር ያለው ገቢ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ባለው ላይ 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይከፈላል። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ለጡረታ ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፤ አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ ይጨምርለታል።

በዚህ መሠረት ደመወዙ 9,000 ብር ሳለ ግብሩ 300 እና 600 እና 500፣ በድምሩ 1,400 ብር ነበር። ጡረታው 630 ብር ሲሆን የተጣራው 6,970 ብር ይሆናል። በ11,000 ብር ደመወዝ ግን ግብሩ 300 እና 600 እና 750 እና 300፣ በድምሩ 1,950 ብር ነው። ጡረታው 770 ብር ሆኖ 8,280 ብር ይተርፋል። ልዩነቱ 1,310 ብር ነው። ከ2,000 ብሩ ጭማሪ ላይ 550 ብር ለግብር፣ 140 ብር ለጡረታ ሄዷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ በብዙዎች ዘንድ የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ። «ጭማሪው ወደ ላይኛው የግብር መደብ ስላስገባኝ ከፊተኛው ይልቅ ጎዳኝ» የሚሉ አሉ። ይህ አይሆንም። ከላይ እንዳየነው 30 በመቶው የሚነካው ከ10,000 በላይ ያለውን 1,000 ብር ብቻ እንጂ መላውን ደመወዝ አይደለም። ስለዚህ ጭማሪ ተቀብሎ የተጣራው ገንዘብ ከቀነሰ ምክንያቱን ከግብር መደቡ ሳይሆን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል።

2ኛ/ ደብዳቤውን በጥንቃቄ ማንበብ

ሒሳቡ ተሠርቶ አሁንም ጉድለት ከታየ ደብዳቤውን አውጥቶ ሦስት ነገር መመልከት ነው። ጭማሪው የሚጸናው ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው? የተጨመረው በመነሻ ደመወዝ ላይ ነው ወይስ በአበል ላይ? የትርፍ ሰዓቱስ በየትኛው ደመወዝ ታስቧል?

ሁለተኛው ጥያቄ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ብዙ ያስከትላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝንና እንደ መጓጓዣ አበል ያለውን ክፍያ ለይቶ ያያል። አበል ሲጨመር የትርፍ ሰዓት ክፍያና የጡረታ መዋጮ አብረው አያድጉም። ጡረታም ሲወጣ የሚታሰበው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ስለሆነ፣ ዛሬ በመዝገብ ላይ አንሶ የተጻፈ ደመወዝ በእርጅና ዘመን ሊቆጠርብን ይችላል።

ሦስተኛውን በምሳሌያችን እንየው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል። 11,000 ብር ለ208 ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ 52 ብር ከ88 ሳንቲም ይሆናል። በሥራ ቀን ከማታው 4 ሰዓት በፊት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት አዋጁ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈል ስለሚል 20 ሰዓት 1,586 ብር ከ54 ሳንቲም ያስከፍላል። በአሮጌው ደመወዝ ግን የሚመጣው 1,298 ብር ከ8 ሳንቲም ነው። ስለዚህ በየወሩ ግብር ሳይነሣለት 288 ብር ከ46 ሳንቲም ጎድሏል።

ጭማሪው በቃል ብቻ የተነገረ ከሆነስ? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፣ ደብዳቤ እንዲጻፍ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ኃላፊው ከፈገግታ ጋር የነገረን ጭማሪ ኃላፊው ሲለወጥ አብሮት ይሄዳል።

3ኛ/ መዝገቡን ጠይቆ ማየት

አሠሪው ጠቅላላውን ክፍያ፣ የታሰበበትን መንገድ፣ የተቀነሰውን ገንዘብ ዓይነትና ልክ፣ የተጣራውንም የሚያሳይ መዝገብ እንዲይዝ አዋጁ ያስገድደዋል። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜም መዝገቡን ማሳየትና ማስረዳት አለበት። ስለዚህ «ፔሮሉን እንዳይ ይፈቀድልኝ» ማለት ልመና አይደለም፤ ድፍረትም አይደለም።

ከዚሁ ጋር ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ሠራተኛው ያነሰውን ገንዘብ ሳይቃወም ቢቀበል፣ ቢፈርምም እንኳ፣ የቀረውን መብቱን ትቶታል አይባልም። እንግዲህ ምሳሌ ያደረግነው ልጅ በመፈረሙ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው በሌላ ነው።

4ኛ/ በጽሑፍና በጊዜው መጠየቅ

የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለው ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ልጁ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ተነሥቶ ክስ ቢመሠርት የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ጥያቄው በይርጋ ይቀርበታል፤ ይኸውም 865 ብር ከ38 ሳንቲም ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል፤ በደመወዝ ነገር ግን ዝምታ ይነቅዛል።

ደግሞም በየኮሪደሩ «እባካችሁ ተመልከቱልኝ» እያሉ መመላለስ ይህን ጊዜ አያቆመውም። ጊዜውን የሚያቋርጡት ሦስት ነገሮች ናቸው። እነርሱም ለሥራ ክርክር ዳኝነት ሰጪ አካል ክስ ማቅረብ፣ ሕጉን ለሚያስፈጽመው ባለሥልጣን አቤት ማለት፣ ወይም አሠሪው ጥያቄው ትክክል ነው ብሎ በግልጽ ማመኑ ናቸው። ስለዚህ የሒሳብ ሹሙ «እውነትህን ነው፤ በሚመጣው ወር እናስተካክላለን» ባለ ጊዜ አመስግኖ «ይህንኑ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ» ማለት ብልኅነት ነው።

የማመልከቻው አጻጻፍ ከቁጣና ከውዳሴ የራቀ ይሁን። ለምሳሌ፦

«ጉዳዩ፦ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲስተካከልልኝ ስለ መጠየቅ። የወር ደመወዜ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ከብር 9,000 ወደ ብር 11,000 ከፍ ማለቱ በደብዳቤ ተገልጾልኛል። ሆኖም የጥቅምት ወር የ20 ሰዓት የትርፍ ሥራ ክፍያዬ በቀድሞው ደመወዝ በመታሰቡ ብር 288.46 ጎድሏል። የሒሳቡን ዝርዝርና የደብዳቤውን ቅጂ አያይዣለሁ። መዝገቡ ታይቶ እንዲስተካከልልኝና መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ይህን በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱን ለመዝገብ ቤት መስጠት፣ በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀንና ፊርማ አስደርጎ ማስቀመጥ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ማኅበሩን ማማከር ይጠቅማል፤ ስሕተቱ በአንድ ሰው ላይ ብቻ ላይሆን ይችላልና። በዚህ ካልተፈታ የሠራተኛና የአሠሪን ጉዳይ ወደሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ፣ በመጨረሻም ወደ መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት መሄድ ይቻላል። ሠራተኛው ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም።

«ብናገር ከሥራ ያባርሩኛል» የሚል ሥጋት መኖሩን አንክድም። ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም መክሰሱ ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ይደነግጋል። ሕግ መኖሩ ፍርሃትን ሁሉ አያስወግድም፤ ነገር ግን ቀን የተጻፈበት ማመልከቻ በእጁ ያለው ሰው ባዶ እጁን ካለው ይልቅ ይፈራል፣ ይከበራልም።

እዚህ የተነገረው ለግል ድርጅትና ለመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኞች መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

5ኛ/ ትርፍ ቢመጣስ?

ስሕተት ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ አይሄድም። ከጭማሪው በኋላ 11,000 መሆን የሚገባው 12,000 ተብሎ ቢገባ ያንኑ ማመልከቻ ያንኑ ያህል ፈጥኖ መጻፍ ይገባል። ያልተገባን ገንዘብ መመለስ ግዴታ ነውና። አሠሪውም ቢሆን እንዳሻው ከደመወዝ አይቆርጥም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሢሶው ሊበልጥ አይችልም። ሲተርፍለት ዝም ያለ ሰው ሲጎድልበት የሚናገረው ቃል ክብደት አይኖረውም።

«ለጥቂት መቶ ብር ይህ ሁሉ ድካም ምንድን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። የጥቂት መቶ ብር ዋጋ የቤት ኪራይ ቀን ሲደርስ ይታወቃል። ከዚህም በላይ የገዛ ደመወዙን ደምሮ በትሕትናና በማስረጃ መጠየቅ ያልለመደ የተማረ ሰው፣ ነገ በእርሱ ሥር ለሚሠሩት ደመወዝ ተጠያቂ በሆነ ጊዜ እንዴት ቀና ሒሳብ ይይዝላቸዋል? እንግዲህ በሚቀጥለው የደመወዝ ቀን መልእክቱ ሲደርሰን ከመደሰትም ከመቆጣትም በፊት እርሳስና ወረቀት እናንሣ።