የመጡበትን ሳታውቅ አትግባ

ልጄ፣ እዚህ ሀዋሳ ከቻይኖች ጋር ሥራ ልትጀምር መሆኑን ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። ሥራ እንደማትፈራ አውቃለሁ፤ ችኮላህ ግን ያሳስበኛል። እነዚህ ሰዎች ለምን ከአገራቸው ወጥተው እኛ ዘንድ እንደመጡ ጠይቀህ ታውቃለህ? ካልጠየቅህ ይህን ምክሬን ልብ ብለህ ስማ።

1. ኮንትራክተሩን ከባለሀብቱ ለይ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የገነባው ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ኩባንያ ነው። ፓርኩ ግን የመንግሥት ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲን ባቡርም ቻይኖች ሠሩት፤ አብዛኛው ገንዘብ የቻይናው ኤግዚም ባንክ ብድር ስለነበር ሥራውም ለአገሩ ኩባንያዎች ሆነ። ኮንትራክተር ውሉን ጨርሶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እንደ ቻይናው ኩባንያ ዉሺ ጂንማኦ የራሱን ገንዘብ አፍስሶ ፓርኩ ውስጥ ጨርቅ ላመርት ያለው ግን የሚቆየው ትርፍ እስካገኘ ድረስ ነው። የትኛው ዘንድ እንደምትቀጠር ሳታውቅ የነገውን አታቅድ።

2. ከቤቱ ያስወጣውን እወቅ። ያለ ምክንያት አገሩን የሚለቅ ነጋዴ አላየሁም። በቻይና የሠራተኛ ደመወዝ ከዓመት ዓመት ጨመረ፤ ፋብሪካው በዝቶ ገበያው ተጣበበ። መንግሥታቸውም እ.ኤ.አ. ከ2000 ገደማ ጀምሮ ኩባንያዎቹን «ውጡ፣ ውጭ ሥሩ» እያለ በብድር ደገፋቸው።

3. እኛ ዘንድ የሳበውን እወቅ። ዛምቢያ የሄዱት መዳብ፣ ኮንጎ የሄዱት ኮባልት ፍለጋ ነው። እኛ ዘንድ ጫማና ልብስ ሊሠሩ የመጡት ከሁሉ በላይ የሰው እጅ ፍለጋ ነው። የቻይናው ሁዋጂያን በ2004 ዓ.ም. ዱከም ላይ ጫማ ማምረት ሲጀምር ቆዳችንንም፣ ጉልበታችንንም፣ ምርታችንን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ያስገባ የነበረውን አጎዋንም አስልቶ ነው። እዚህ ሀዋሳ ፓርክ የልብስ ሰፊ መነሻ ደመወዝ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ በቻይና ከ300 ዶላር ያልፍ ነበር። የግብር እፎይታውንና ተሠርቶ የጠበቀውን ሼድ ጨምርበት። ይህን የምነግርህ እንድትከፋ አይደለም፤ ዋጋህን እንድታውቅ ነው።

4. የሳበው ሲጠፋ የመጣው እንደሚሄድ አትርሳ። ይህ የቻይና ብቻ ጠባይ አይደለም። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሲብስ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ኅዳር 2014 ዓ.ም. እዚሁ ፓርክ ያለውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በቀጣዩ ወር ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች። ስንቷ ልጅ በሌላ አገር ውሳኔ ከሥራ ወጣች! ስለዚህ ከደመወዝህ ጥቂትም ቢሆን አስቀምጥ፤ ፋብሪካው ዘላለም ይኖራል ብለህ ዕዳ አትግባ።

5. ሙያ ሳትይዝ አትልቀቅ። ፈረቃ ሲለቅ በፓርኩ በር ቁምና እይ፤ ከገጠር ቀበሌ የመጡ ልጆች ተያይዘው ይወጣሉ፣ ባጃጅ የምትሳፈረው ትሳፈራለች፣ ሌላዋ ሳንቲሟን ቆጥባ ወደ ኪራይ ቤቷ በእግሯ ትሄዳለች። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይለቃሉ። ኑሮው ስለከበዳቸው አልፈርድባቸውም፤ ግን ሙያው ሳይገባቸው የወጡት ባዶ እጃቸውን ቀሩ። አንተ ማሽኑ ለምን እንደሚቆም፣ ጥራት እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ትእዛዝ በስንት ዋጋ እንደሚወሰድ ጠይቅ። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ ያንተ የሚሆነው የተማርከው ብቻ ነው።

6. ውልህን ሳታነብ አትፈርም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በላይ ከሠራህ የትርፍ ሰዓት ይከፈልሃል። አለቃህ ይህን ያውቃል፤ አንተ ካላወቅህ ማን ይነግርሃል? «አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ቋንቋቸውንም ተማር፤ በአስተርጓሚ የሚኖር ሰው ከስብሰባው ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው።

እንግዲህ ልጄ፣ ቻይኖቹን አትጥላቸው፤ አታምልካቸውም። ሒሳባቸውን ጨርሰው ነው የመጡት፤ አንተም የራስህን ሒሳብ ጨርሰህ ግባ።