ግሥን በትክክል መምረጥ
ተማሪዎች፣ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. አሸን ለአንድ ቀን ይኖራል።
ለ. አሸን ለአንድ ቀን ይታያል።

ሁለቱም በሰዋስው ረገድ እንከን የለባቸውም፤ በሐሳብ ግን የመጀመሪያው ሐሰት ነው። አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ዝናብ ሲጀምር ከምድር ፈልቶ ይወጣል፤ «እንደ አሸን ፈላ» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። በማግሥቱ ክንፉ ብቻ በየደጃፉ ተበትኖ ስለሚገኝ፣ ብዙ ሰው ዕድሜው አንድ ቀን ይመስለዋል። ዳሩ ግን አሸን ከመብረሩ በፊት፣ ከእንቁላል ተፈልፍሎ እስኪያድግ ድረስ፣ ከመሬት በታች ወራት አሳልፏል። ከበረረ በኋላ አብዛኛው የወፍና የዶሮ ሲሳይ ይሆናል። የተረፉት ጥቂቶች ግን ክንፋቸውን አራግፈው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው መሬት ውስጥ በመግባት አዲስ መንጋ ይመሠርታሉ። ኩይሳ ከሚሠሩት ምስጦች ወገን ንግሥቲቱ ከ10 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች።

የግሡ ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከነቀምቴ በስተምዕራብ፣ በነጆና በመንዲ አካባቢ፣ ምስጥ ሰብልን፣ የግጦሽ ሣርንና የቤት ምሰሶን ሲያጠፋ ኖሯል። ኩይሳውን ከላይ ብቻ የናደ ሰው ንግሥቲቱን ከሥር ትቷታልና መንጋው መልሶ ይሠራዋል። ገበሬዎች አጥልቀው ቆፍረው ንግሥቲቱን የሚያወጡት ስለዚህ ነው። የማይታየው ሁሉ የሞተ አይደለም።

መልመጃ፦ ስለ ቢራቢሮ ዕድሜ አንድ አንቀጽ ጻፉ። «ይኖራል» የሚለውን ግሥ ስትጠቀሙ፣ አባ ጨጓሬ ሳለ ያሳለፈውንም ጊዜ መቁጠራችሁን አረጋግጡ።