ሸሚዛችንን የሰፋው ማነው?

በሸሚዛችን አንገት ውስጥ የተሰፋች ትንሽ ጨርቅ አለች። «በባንግላዴሽ የተሠራ» የሚል ቢጻፍባትም የምትነግረን የተሰፋበትን አገር ብቻ ነው። ጥጡ ከአንድ አገር፣ ጨርቁ ከሌላ፣ ቁልፉም ከሦስተኛ አገር መጥቶ ሊሆን ይችላል።

ለምን ይህ ሆነ? ትልልቆቹ የልብስ ኩባንያዎች ባብዛኛው የራሳቸው ፋብሪካ የላቸውም። ንድፉን አውጥተው ስፌቱን ጉልበት ወደሚረክስበት፣ ቀረጥ ወደሚቀልበት አገር በትእዛዝ ይሰጣሉ። ተቀባዩ ፋብሪካም አንዳንዴ ለሌላ ያስተላልፈዋል። ታዲያ አደጋ ሲደርስ ተጠያቂው ማነው?

ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በዳካ አጠገብ፣ ሳቫር ላይ፣ የራና ፕላዛ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ሕንፃው ተሰንጥቆ ስለታየ ከታች ያሉት ባንክና ሱቆች ተዘግተው ነበር፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን ግቡ ተባሉ። ለማን ይሰፉ እንደነበር ለማወቅ እኮ ያችኑ ትንሽ ጨርቅ ከፍርስራሹ መልቀም አስፈልጓል! ብዙ ገዢ ኩባንያዎች ፋብሪካዎቹን ለማስመርመር አስገዳጅ ውል የፈረሙት ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ የሚያስችለው የአጎዋ ዕድል በ2014 ዓ.ም. ሲቋረጥ ትእዛዙ ቀነሰ፣ ብዙ ሴቶችም ከሥራ ወጡ።

ስለዚህ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ተማሪዎቻችን የልብሳቸውን ጽሑፍ አንብበው አገሮቹን በካርታ ላይ ያመልክቱ፤ ልባሽ ጨርቅም ያገለግላል። ቀጥለንም «ሥራው ወደዚያ አገር ለምን ሄደ? ሲለቅስ ማን ይጎዳል?» ብለን እናወያያቸው።